ፎቶግራፍን መልኩ ሳይዛባ በታዘዘው ልክ ስለ ማድረግ

ለመምህራንና ማንበብ ለሚችሉ ሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት

መልክ ለሰው ከስሙ ይልቅ የታመነ ምስክር ነው። ስም ከስም ይመሳሰላል፤ ዕድሜም ከዕድሜ ይተካከላል፤ መልክ ግን መንታ ካልሆነ በቀር ለያንዳንዱ ሰው ለብቻው የተሰጠ ነው። ስለዚህ ማናቸውም መሥሪያ ቤት ሰውን ከሰው ለይቶ ለማወቅ በፈለገ ጊዜ፥ ከስሙና ከዕድሜው ጋራ ጉርድ ፎቶግራፉን ይጠይቃል። ቀድሞ ጉርድ ፎቶግራፍ የሚገኘው ወደ ከተማ ሄዶ ፎቶግራፍ አንሺ ዘንድ በመቀመጥ ነበር፤ የታዘዘውንም ልክ የሚያውቀው ባለ ሙያው ብቻ ነበረ። ዛሬ ግን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ ወደ ገጠሩ ስለ ገባ፥ የተማሪውን መልክ አንሥቶ በታዘዘው ልክ አስተካክሎ የመላኩ ሥራ ብዙ ጊዜ በመንደሩ መምህር እጅ ወድቋል።

ይህ ሥራ ላየው ሰው ቀላል ይመስላል፤ ባለማወቅ ሲሠራ ግን ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ቅጹ ወርዱና ቁመቱ እኩል የሆነ ፎቶግራፍ ይጠይቃል፤ በስልኩ ያለው ፎቶግራፍ ግን ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ የረዘመ ነው። ሠራተኛው ሁለቱን ለማስማማት ብሎ ፎቶግራፉን በግድ ይጨፈልቀዋል፤ ያን ጊዜ ቀጭኑ ልጅ ወፍራም፥ ረጅሙም ፊት ክብ ሆኖ ይወጣል። ተቀባዩ መልኩ ከባለቤቱ ጋራ አይገጥምም ብሎ ቅጹን የመለሰው እንደ ሆነ፥ ታርሞ እስኪላክ ድረስ የምዝገባው ቀን ሊያልፍ ይችላል። ልጁ ትምህርቱን አጥንቶ፥ ወላጆቹም ገንዘባቸውን አውጥተው ሳለ፥ በአንድ ፎቶግራፍ መዛባት ምክንያት ዓመቱ ቢያልፍበት፥ ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

ስለዚህ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ሁሉ ሕጉን ጠንቅቆ ሊያውቅ ይገባዋል። ሕጉም አጭር ነው፤ ይኸውም ቅርጽ የሚለወጠው በመቍረጥ ነው፤ መጠን የሚለወጠው ወርዱንና ቁመቱን በአንድ ልክ በማሳነስ ነው፤ አንዱን ጐን ለብቻው መጐተት ወይም መጨፍለቅ ግን ከቶ አይገባም። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ የዚህ ሕግ ትርጓሜ ነው።

1ኛ፤ ፎቶግራፍ ከምን እንደሚሠራ

በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጥ ፎቶግራፍ ዲጂታል ፎቶግራፍ ይባላል። አሠራሩን ለመረዳት የመሶብን ስፌት መመልከት ይበቃል። ባለ ሙያዋ ሴት ቀለም የተነከረውን አለላ እየቈጠረች ትሰፋዋለች፤ መሶቡ ከሩቅ ሲታይ ያማረ ሐረግ ወይም ኮከብ ይታይበታል፤ ቀርቦ ለሚመለከተው ግን ሐረጉ በየተራ ከተደረደረ ጥቃቅን ስፌት በቀር ሌላ ነገር አይደለም። ዲጂታል ፎቶግራፍም እንዲሁ በረድፍ ከተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ፒክስል ይባላል፤ አንድ ነጥብም አንድ ቀለም ብቻ ይይዛል።

የፎቶግራፉ ልክ የሚነገረው እነዚህን ነጥቦች በወርድና በቁመት በመቍጠር ነው። ለምሳሌ በወርዱ 3,000፥ በቁመቱ 4,000 ነጥብ ያለው ፎቶግራፍ፥ ሁለቱ ሲባዙ 12,000,000 ነጥቦች አሉት። ስልክ የሚሸጡ ነጋዴዎች 12 ሜጋፒክስል የሚሉት ይህን ነው፤ ሜጋ ማለት በዚህ ስፍራ አንድ ሚሊዮን ማለት ነውና።

የዚህ ጥበብ መነሻ ታናሽ ነበረ። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1957 ዓመት ረስል ኪርሽ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ከባልንጀሮቹ ጋራ ሆኖ ፎቶግራፍን ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ መሣሪያ ሠራ፤ በመጀመሪያም ያስገባው የሦስት ወር ልጁን ፎቶግራፍ ነበር። ያ ፎቶግራፍ በወርዱ 176፥ በቁመቱም 176 ነጥብ ነበረው፤ ይህም በጠቅላላው 30,976 ነጥብ ማለት ነው። በ1975 ዓመት ደግሞ ስቲቨን ሳሰን የተባለው የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ያለ ፊልም የሚያነሣ ካሜራ ሠራ፤ የዚያም ካሜራ ፎቶግራፍ 10,000 ነጥብ ብቻ ነበረው። ዛሬ በገጠር መምህር እጅ ያለው 12 ሜጋፒክስል ስልክ ከዚያ ካሜራ 1,200 ጊዜ የበለጠ ነጥብ ይሰበስባል። ስለዚህ የሚጐድለው መሣሪያው ሳይሆን አያያዙን ማወቅ ነው።

2ኛ፤ ቅርጽና መጠን ልዩ ልዩ ስለ መሆናቸው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅርጽንና መጠንን አንድ አድርጎ ስለሚቈጥር ነው። መጠን ማለት የነጥቦቹ ብዛት ነው፤ ቅርጽ ማለት ግን ወርዱ ከቁመቱ ጋራ ያለው ምጣኔ ነው። 3,000 በ4,000 የሆነ ፎቶግራፍና 300 በ400 የሆነ ፎቶግራፍ መጠናቸው እጅግ ይራራቃል፤ ቅርጻቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም 3 እጅ ወርድ 4 እጅ ቁመት ናቸውና። 600 በ600 የሆነው ግን ወርዱና ቁመቱ እኩል ስለ ሆነ ቅርጹ ከሁለቱም ይለያል።

ልብስ ሰፊ የአባትን ልብስ ልክ አይቶ ለልጁ ሲሰፋ፥ ወርዱንም ቁመቱንም በአንድነት ያሳንሳል፤ ቁመቱን ብቻ ቢያሳንስ ልብሱ ለልጁ ይሰፋዋል። ቆዳ ፋቂ ደግሞ ቍርበትን በችካል ሲወጥር በአንድ ወገን ብቻ አጥብቆ የሳበው እንደ ሆነ፥ በቍርበቱ ላይ ያለው ክብ ነቍጥ እንደ እንቍላል ይሞላልላል። የፎቶግራፍም ነገር እንደዚሁ ነው። በአንድ ልክ የተሳነሰ ፊት ያው ፊት ነው፤ በአንድ ወገን የተሳበ ፊት ግን የሌላ ሰው ፊት ይመስላል።

የመዛባቱን ልክ በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። 3,000 በ4,000 የሆነው ፎቶግራፍ በግድ 600 በ600 እንዲሆን የተደረገ እንደ ሆነ፥ ከወርዱ የሚቀረው ከ20 እጅ 4 እጅ ነው፤ ከቁመቱ የሚቀረው ግን ከ20 እጅ 3 እጅ ብቻ ነው። እንግዲህ ቁመቱ ሊኖረው ከሚገባው ሩቡን አጥቷል ማለት ነው። አፍንጫውም፥ ግንባሩም፥ አገጩም እያንዳንዱ በሩብ ያጥራል። ሠዓሊ ዓይንን አጉልቶ ወይም ጣትን አርዝሞ ቢሥል የሥራው ልማድ ነው፤ ማንም አይወቅሰውም። ጉርድ ፎቶግራፍ ግን የምስክርነት ሥራ ስላለበት፥ ከባለቤቱ መልክ አንዲት ነገር ሊጨምርም ሊቀንስም አይገባውም።

3ኛ፤ ሁለት ቅርጾች አንድ መሆናቸውን ስለ መመርመር

መምህሩ ሥራውን ከመጀመሩ አስቀድሞ በእጁ ያለው ፎቶግራፍና በቅጹ የታዘዘው ልክ ቅርጻቸው አንድ መሆኑን መመርመር አለበት። ለዚህም ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው በሒሳብ ነው። የፎቶግራፉን ወርድ በታዘዘው ቁመት ያባዛል፤ ቀጥሎም የፎቶግራፉን ቁመት በታዘዘው ወርድ ያባዛል። ሁለቱ ውጤቶች እኩል የሆኑ እንደ ሆነ ቅርጹ አንድ ነው። ለምሳሌ ፎቶግራፉ 3,000 በ4,000፥ የታዘዘውም 3 በ4 ሳንቲሜትር ቢሆን፥ 3,000 በ4 ሲባዛ 12,000 ነው፤ 4,000 በ3 ሲባዛም 12,000 ነው። ቅርጹ አንድ ነውና መቍረጥ ግዴታ አይሆንም። የታዘዘው 35 በ45 ሚሊሜትር ቢሆን ግን፥ 3,000 በ45 ሲባዛ 135,000 ይሆናል፤ 4,000 በ35 ሲባዛ 140,000 ይሆናል። ውጤቶቹ እኩል ስላልሆኑ፥ ሳይቈረጥ ሊስማማ አይችልም።

ሁለተኛው መንገድ በወረቀት ነው፤ ይህም ሒሳብ ላልገባቸው ልጆች እጅግ ይጠቅማል። ሁለቱን ልኮች በወረቀት ቈርጦ፥ ታናሹን በታላቁ ላይ የግራ የታች ማዕዘናቸው እንዲገጥም አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ከዚያም ከገጠመው ማዕዘን ጀምሮ እስከ ታላቁ ወረቀት የቀኝ የላይ ማዕዘን ድረስ ክር መወጠር ይገባል። ክሩ በታናሹ ወረቀት ማዕዘን ላይ ያለፈ እንደ ሆነ ቅርጻቸው አንድ ነው፤ ከማዕዘኑ ወዲህ ወይም ወዲያ ያለፈ እንደ ሆነ ግን ልዩ ነው።

4ኛ፤ በብዙ ቅጽ ላይ ስለሚገኙ ሦስት ልኮች

አንደኛው በአገራችን በተማሪ ቤትና በመሥሪያ ቤት ዘወትር የሚጠየቀው 3 በ4 ሳንቲሜትር የሆነው ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። ሁለተኛው ብዙ መንግሥታት ለፓስፖርትና ለቪዛ የሚጠይቁት 35 በ45 ሚሊሜትር ነው፤ ወደ አውሮጳ ለመሄድ የሚሰጠው የሸንገን ቪዛም ይህን ልክ ይጠይቃል። ሦስተኛው ለአሜሪካ ቪዛ የሚጠየቀው ነው፤ ይህም ወርዱም ቁመቱም 51 ሚሊሜትር፥ ማለት ሁለት ኢንች ነው። ልጃቸው ባሕር ማዶ የሚኖር ሽማግሎች ለጥየቃ ለመሄድ ቅጽ በሚሞሉበት ጊዜ፥ እነዚህን የኋለኞቹን ሁለት ልኮች ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

በወረቀት የሚታተም ፎቶግራፍ በሳንቲሜትር ሲታዘዝ፥ ወደ ነጥብ ለመለወጥ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ተብሎ መቍጠር የተለመደ ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲሜትር ነው። ስለዚህ 3 በ4 ሳንቲሜትር የሆነው 354 በ472 ነጥብ ይሆናል፤ 35 በ45 ሚሊሜትር የሆነው 413 በ531 ነጥብ ይሆናል፤ 2 ኢንች በ2 ኢንች የሆነው 600 በ600 ነጥብ ይሆናል። ለአሜሪካ ቪዛ በኮምፒዩተር የሚላከው ፎቶግራፍ ከ600 በ600 ያላነሰ፥ ከ1,200 በ1,200 ያልበለጠ፥ የፋይሉም ክብደት ከ240 ኪሎባይት ያላለፈ እንዲሆን ታዟል። ደግሞም ከኅዳር ወር 2016 ዓመት በአውሮጳ አቈጣጠር ጀምሮ በዚህ ፎቶግራፍ መነጽር ማድረግ ተከልክሏል። የመሥሪያ ቤቶች ትእዛዝ በየጊዜው ሊለወጥ ስለሚችል፥ ሠራተኛው ሁልጊዜ በእጁ ባለው ቅጽ ላይ የተጻፈውን አስቀድሞ ማንበብ ይገባዋል።

3,000 በ4,000 የሆነውን ፎቶግራፍ ወደ 35 በ45 ቅርጽ ለማምጣት፥ 3,000 በ9 ተባዝቶ በ7 ይካፈላል፤ 35 በ45 ማለት 7 እጅ ወርድ 9 እጅ ቁመት ማለት ነውና። የሚገኘው ቁመት 3,857 ያህል ነው። እንግዲህ ከ4,000 ቁመት 143 ረድፍ ይቈረጣል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ጐን በአንድ ልክ ይሳነሳል። ወደ እኩል ጐን ለማምጣት ደግሞ ከቁመቱ 1,000 ረድፍ ተቈርጦ 3,000 በ3,000 ይሆናል፤ ይህም ወደ 600 በ600 ሲሳነስ ሁለቱም ጐን በአምስተኛ እጅ ይቀራሉ፤ መልኩም ምንም አይዛባም።

5ኛ፤ የሚቈረጠውን ስፍራ ስለ መምረጥ

ቅርጹን ማስተካከል ብቻውን አይበቃም። የራሱ መጠንና የዓይኑ ስፍራም ሊስተካከል ይገባል። ለአሜሪካ ቪዛ በሚሰጠው ፎቶግራፍ፥ ጠጕርን ጨምሮ ከራስ ጫፍ እስከ አገጭ ያለው ልክ ከፎቶግራፉ ቁመት ከመቶ ከ50 እስከ 69 እጅ መሆን አለበት፤ ዓይንም ከታች ወደ ላይ ሲለካ ከመቶ በ56ና በ69 እጅ መካከል መዋል አለበት። በ35 በ45 ሚሊሜትር ፎቶግራፍ ግን ፊቱ ከቁመቱ ከመቶ ከ70 እስከ 80 እጅ እንዲይዝ ይታዘዛል። ስለዚህ ለአንዱ የተቈረጠውን ለሌላው መስጠት አይቻልም፤ ለያንዳንዱ ከዋናው ፎቶግራፍ እንደ ገና መቍረጥ ያስፈልጋል።

ይህን በምሳሌ መከተል ይሻላል። በ3,000 በ4,000 ፎቶግራፍ ላይ የልጅቱ ራስ ከጫፉ እስከ አገጭዋ 1,200 ነጥብ ቢሆን፥ ራስዋም ከመቶ 60 እጅ እንዲይዝ ቢፈለግ፥ 1,200 በ60 ተካፍሎ በ100 ይባዛል፤ የሚገኘው 2,000 ነው። ስለዚህ የሚቈረጠው 2,000 በ2,000 ነው። ከራስዋ በላይ 160 ረድፍ፥ ከአገጭዋ በታች 640 ረድፍ ይተዋል፤ 160ና 1,200ና 640 ሲደመሩ 2,000 ይሞላሉ። የሰው ዓይን በራስ ጫፍና በአገጭ መካከል በግማሽ ገደማ ላይ ስለሚገኝ፥ ዓይንዋ ከታች 1,240 ነጥብ ላይ ይውላል፤ ይህም ከመቶ 62 እጅ ነው። ግራና ቀኙም እኩል እንዲሆን አፍንጫዋ በመካከል ትውላለች። በመጨረሻም ወደ 600 በ600 ሲሳነስ ራስዋ 360 ነጥብ ይሆናል፤ ይህም ከታዘዘው ወሰን ውስጥ ነው።

አባቶች አሥር ጊዜ ለካ፥ አንድ ጊዜ ቍረጥ ያሉት ለዚህም ሥራ ይስማማል። አንድ ጊዜ ተቈርጦ በዋናው ላይ የተቀመጠ ፎቶግራፍ የተጣለው ክፍል ተመልሶ ላይገኝ ይችላልና።

6ኛ፤ የሥራው ተራ

ሥራው በተራ የተሠራ እንደ ሆነ ስሕተት አይገባበትም። አንደኛ፥ ዋናው ፎቶግራፍ ሳይነካ ይቀመጣል፤ ሥራውም የሚሠራው በቅጂው ላይ ነው። ሁለተኛ፥ ቅጹ ተነቦ የታዘዘው ወርድ፥ ቁመት፥ የፋይሉም ክብደት በወረቀት ይጻፋል። ሦስተኛ፥ ፎቶግራፉ በታዘዘው ቅርጽ ይቈረጣል። አራተኛ፥ የተቈረጠው በአንድ ልክ ይሳነሳል። አምስተኛ፥ በአዲስ ስም ይቀመጣል። ስድስተኛ፥ ከመላኩ በፊት ከባለቤቱ ፊት ጋራ ይመሳከራል።

በብዙ ስልኮች የፎቶግራፍ ማረሚያው ሲከፈት የመቍረጫ ምልክት ይገኛል፤ ከዚያም ውስጥ 1 ለ1፥ 3 ለ4 እየተባሉ የተጻፉ ቅርጾች አሉ። ሠራተኛው የሚፈልገውን ቅርጽ የመረጠ እንደ ሆነ፥ የመቍረጫው መስኮት ቢሰፋም ቢጠብም ቅርጹን አይለቅም። በኮምፒዩተር ላይ ደግሞ በዊንዶውስ የሚገኘው ፔይንት የተባለው መሣሪያ መጠን በሚለወጥበት ስፍራ የወርድንና የቁመትን ምጣኔ የሚጠብቅ ትንሽ ሣጥን አለው፤ ይህ ሣጥን ምልክት እንዳለበት መቈየት አለበት። በነጻ በሚገኘው ጂምፕ በተባለው መሣሪያም በወርዱና በቁመቱ ቍጥር አጠገብ የሰንሰለት ምልክት አለ። ሰንሰለቱ እንደ ተያያዘ የቈየ እንደ ሆነ አንዱ ቍጥር ሲለወጥ ሁለተኛው ራሱ ይከተላል፤ ሰንሰለቱ የተቈረጠ እንደ ሆነ ግን እያንዳንዱ ጐን ለብቻው ይሄዳል፤ መልክም የሚዛባው ያን ጊዜ ነው።

ሰንሰለቱ ተያይዞ ሳለ የታዘዙት ሁለት ቍጥሮች ባንድ ጊዜ ሊገኙ ያልቻሉ እንደ ሆነ፥ ይህ መሣሪያው ተበላሽቶ አይደለም፤ ቅርጹ ገና አልተስተካከለም ማለት ነው። ሠራተኛው ሰንሰለቱን ሊፈታ አይገባውም፤ ተመልሶ በሚገባ ሊቈርጥ ይገባዋል እንጂ።

7ኛ፤ ስለ ማሳደግና ስለ ፋይል ክብደት

ታላቁን ማሳነስ ይቻላል፤ ታናሹን ማሳደግ ግን ጉዳት አለበት። 200 በ200 የሆነ ፎቶግራፍ 40,000 ነጥብ አለው፤ 600 በ600 ግን 360,000 ነጥብ ይፈልጋል። ይህን ታናሽ ወደዚያ ያሳደጉት እንደ ሆነ፥ ከ9 ነጥቦች 8ቱን መሣሪያው ከጐረቤት ቀለም እየገመተ ይሞላቸዋል። ቅርጹ ባይዛባም መልኩ ይደበዝዛል። በዚህ ጊዜ የሚሻለው ባለቤቱን ጠርቶ እንደ ገና ማንሣት ነው።

በቴሌግራምና በዋትስአፕ እንደ ተራ ሥዕል የሚላክ ፎቶግራፍ በመንገድ ሳለ መጠኑ ሊሳነስ ይችላል። ስለዚህ ከአንድ መምህር ወደ ሌላው የሚላከው ዋና ፎቶግራፍ እንደ ፋይል ሆኖ መላክ አለበት፤ እንዲህ የተላከው ነጥቡ ሳይጐድል ይደርሳልና።

የነጥብ ብዛትና የፋይል ክብደትም አንድ አይደሉም። 600 በ600 የሆነ ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ሳይታጨቅ 1,080,000 ባይት ይሆናል፤ እያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፥ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንዳንድ ባይት ስለሚይዝ ነው። ይህን ለማቅለል ጄፔግ የተባለው ዘዴ ተሠርቷል፤ ደንቡም የታወጀው በ1992 ዓመት በአውሮጳ አቈጣጠር ነው። ጄፔግ ዓይን የማይለየውን ጥቃቅን ነገር እየተወ ፋይሉን ያጭቀዋል። ፎቶግራፉ ከታዘዘው ክብደት ያለፈ እንደ ሆነ፥ በሚቀመጥበት ጊዜ የጥራቱን ቍጥር ጥቂት ዝቅ ማድረግ ይበቃል፤ ወርዱንና ቁመቱን እንደ ገና መንካት አያስፈልግም። ነገር ግን አንዱን ጄፔግ ደጋግሞ እያረሙ ማስቀመጥ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ስለሚያበላሸው፥ እርማት ባስፈለገ ቍጥር ወደ ዋናው መመለስ ይገባል።

8ኛ፤ ፎቶግራፉን ሲያነሡ ስለሚገባው ጥንቃቄ

በኋላ የሚቈረጥ ፎቶግራፍ ሲነሣ ዙሪያው ሰፊ መሆን አለበት። ራሱ ከጫፍ ጋራ የተጣበቀ ፎቶግራፍ የሚቈረጥ ትርፍ ስለሌለው፥ ሠራተኛውን ወደ መጨፍለቅ ይገፋዋል። ከራስ በላይና ከትከሻ ግራና ቀኝ ባዶ ስፍራ የተተወ እንደ ሆነ ግን ለማናቸውም ልክ ይበቃል።

ስልኩን ወደ ፊት አስጠግቶ ማንሣትም ክፉ ነው። ካሜራው እጅግ የቀረበ እንደ ሆነ፥ ወደ እርሱ የቀረበው አፍንጫ ያብጣል፤ ጆሮዎች ወደ ኋላ ሸሽተው ያንሳሉ። ይህ መዛባት በመቍረጥም በማሳነስም አይታረምም። ስለዚህ አንሺው ሦስት ክንድ ያህል ርቆ፥ ስልኩን በዓይን ትክክል ይዞ ሊያነሣ ይገባዋል። የሚነሣውም ልጅ ነጭ ግድግዳ ወይም የተዘረጋ ነጭ ነጠላ ከኋላው ሆኖ፥ ፀሐይ በማያጥበረብርበት ብርሃን ቀጥ ብሎ ይቁም።

9ኛ፤ በክፍል ውስጥ ስለሚደረግ መለማመጃ

መምህሩ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ አንድ ቍራጭ ወስዶ፥ በላዩ ሳንቲም አስቀምጦ ዙሪያውን በኖራ ጠመኔ ያሥምር። ላስቲኩን ሁለት ልጆች በሁለት ወገን ሲስቡት ክቡ ይሞላልላል፤ አራት ልጆች በአራቱም ወገን እኩል ሲስቡት ግን ክቡ ክብ ሆኖ ያድጋል። ልጆቹ ይህን በዓይናቸው ካዩ በኋላ ሕጉን አይረሱትም።

ይህው ሳንቲም ለመምህሩም መመርመሪያ ይሆነዋል። በግድግዳ ላይ ሳንቲም ለጥፎ ፊት ለፊት ያንሣው፤ ፎቶግራፉንም እንዳስተማረው ቈርጦ ያሳንሰው። ሳንቲሙ ክብ ሆኖ የቀረ እንደ ሆነ አሠራሩ ትክክል ነው፤ ወርዱና ቁመቱ የተለያየ እንደ ሆነ ግን ከሥራው ተራ አንዱን ስቷልና እንደ ገና ይመርምር።

ጥያቄዎች ከነመልሳቸው

1. ወርዱ 2,400፥ ቁመቱ 3,200 የሆነ ፎቶግራፍ ለ3 በ4 ሳንቲሜትር ቅርጹ ይስማማልን? መልስ፤ 2,400 በ4 ሲባዛ 9,600 ነው፤ 3,200 በ3 ሲባዛም 9,600 ነው፤ ስለዚህ ይስማማል።

2. ወርዱ 3,024፥ ቁመቱ 4,032 የሆነ ፎቶግራፍ ለ35 በ45 ሚሊሜትር ቅርጽ እንዲስማማ ከቁመቱ ስንት ረድፍ ይቈረጣል? መልስ፤ 3,024 በ7 ሲካፈል 432 ነው፤ ይህም በ9 ሲባዛ 3,888 ይሆናል፤ ከ4,032 ሲቀነስ 144 ረድፍ ይቈረጣል።

3. የልጁ ራስ 1,500 ነጥብ ቢሆንና እኩል ጐን ባለው ፎቶግራፍ ከመቶ 60 እጅ እንዲይዝ ቢፈለግ፥ የሚቈረጠው ጐን ስንት ነው? መልስ፤ 2,500 ነጥብ ነው፤ ወደ 600 ሲሳነስም ራሱ 360 ነጥብ ይሆናል።

4. 300 በ300 የሆነ ፎቶግራፍ ብቻ ቢገኝና ቅጹ 600 በ600 ቢጠይቅ ምን ይደረጋል? መልስ፤ ከሚያስፈልገው 360,000 ነጥብ በእጅ ያለው 90,000 ብቻ ስለ ሆነ፥ ሦስቱ ሩብ ግምት ይሆናል፤ ስለዚህ እንደ ገና ማንሣት ይገባል።

ይህን ትምህርት የተማረ መምህር ለብቻው ይዞት ሊቀመጥ አይገባውም። ከከፍተኛው ክፍል ተማሪዎች ሁለቱን ወይም ሦስቱን መርጦ ቢያስተምራቸው፥ በምዝገባ ሰሞን ሥራው ይቀልለታል፤ የመንደሩም ሽማግሎች ለቅጻቸው ፎቶግራፍ ሲያስፈልጋቸው ከልጆቻቸው እጅ ያገኛሉ። ቅጹ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ባለቤቱ አብሮት ሄዶ እኔ ነኝ ሊል አይችልም፤ በእርሱ ስፍራ ቆሞ የሚናገርለት ፎቶግራፉ ነው። ስለዚህ የሰውን መልክ በእጁ የያዘ ሠራተኛ፥ የሰውን አደራ እንደ ያዘ ያህል ተጠንቅቆ፥ ሳያጐድልና ሳያዛባ ሊያደርሰው ይገባዋል።